ዳዋ በበላ አይጥ ተመታች

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል የአገራችን ሰው። ጥፋቱ የአንዱ ሆኖ ዱላው በሌላው ላይ ሲያርፍ የሚተረት ተረት ነው። አይጧ እህሉን ትበላና ዳዋው ውስጥ ትገባለች፤ ባለ እህሉ እሷን ማግኘት ሲያቅተው በንዴት ዳዋውን ይወቅጠዋል። እኔ ግን ይህ ተረት ተገልብጦ አይቻለሁ። ዳዋው በልቶ አይጧ ስትመታ ተመልክቻለሁ። ያቺም አይጥ ጎተራ የምታውከው ባለ አራት እግሯ ሳትሆን፣ በጠረጴዛ ላይ የምትንሸራተተው፣ የኮምፒዩተሯ አይጥ፣ ሁላችን «ማውስ» የምንላት ናት።

አንባቢ «ስለ ማውስ ደግሞ ምን የሚጻፍ ይኖራል?» ቢል አልፈርድበትም። መብራት የሚታወሰው ሲጠፋ፣ ጥርስ የሚታወሰው ሲያም እንደሆነ ሁሉ ማውስም የምትታወሰው እንቢ ስትል ነው። እንቢታዋ ግን አንዳንድ ጊዜ ከእሷ አይመጣም። ከማን እንደሚመጣ ለማወቅ በመጀመሪያ ከተፈጠረችበት መነሣት ሳይሻል አይቀርም።

የመጀመሪያዋ ማውስ ከእንጨት የተሠራች ነበረች። ሐሳቡን ያመነጨው ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በእጁ ያበጃት ደግሞ የሥራ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ነው። ከሆዷ ሥር ሁለት ትናንሽ ጎማዎች፣ ከጀርባዋ አንዲት ቁልፍ ብቻ ነበራት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ላይ ለሕዝብ ታየች። ስሟን ማን እንዳወጣላት ኤንግልባርት ራሱ አላስታውስም ብሏል፤ የገመዷ ጅራትነት ግን የታወቀ ነው። የፈጠራው መብት እ.ኤ.አ. በ1970 ቢሰጥም ዓለም ማውስ በጅምላ መግዛት ሲጀምር የመብቱ ዘመን አለቀ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2013 እስኪሞት ድረስ በሚሊዮን ከሚቆጠሩት ማውሶች የድርሻውን ሳንቲም አላገኘም። ይህን የምጽፈው ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም። ነገር የሚያገናኝ ሰው ዋጋው ሳይታሰብለት መቅረቱ ወደ በኋላ በምነግራችሁ ጉዳይ ላይም ስለሚደገም ነው።

ማውስ የራሷ ቋንቋ አላት። «ይህን ያህል ወደ ቀኝ ሄድሁ፤ ይህን ያህል ወደ ላይ ወጣሁ፤ የግራ ቁልፌ ተጫነ» ትላለች። ኮምፒዩተሩ ግን ይህን ቋንቋ በቀጥታ አይሰማም። በመሃል ቆሞ የእሷን ለእሱ የሚነግር አንድ ትንሽ ፕሮግራም አለ። ባለሙያዎቹ «ድራይቨር» ይሉታል። ስሙ የሾፌር ቢሆንም ሥራው የአስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው ካለ ማውሷም ኮምፒዩተሩም የተግባቡ ይመስላቸዋል፤ አስተርጓሚው ከሌለ ግን ማውሷ ብትንፈራገጥ፣ በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ዓይኗን አታርገበግብም።

መሰኪያዋም ቢሆን በየዘመኑ ተለዋውጧል። በዕድሜ ጠና ያልነው ሰዎች ሰፊ ጥርስ ያለውን፣ በዊንጭ የሚታሰረውን የጥንቱን መሰኪያ እናስታውሳለን። እ.ኤ.አ. በ1987 ከአይቢኤም ኮምፒዩተሮች ጋር የመጣው ክቡ «ፒኤስ ቱ» ተከተለ። ይኸኛው ለማውስ አረንጓዴ፣ ለኪቦርድ ሐምራዊ ሆኖ ለብዙ ዓመት አገለገለን። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ጠፍጣፋው «ዩኤስቢ» ታወጀና ቀስ በቀስ ሁሉን ጠቀለለ። ከሁለቱ መካከል የተፈጠረ አንድ ትንሽ ዕቃም ነበረ፤ ባንድ ወገን ጠፍጣፋ፣ በሌላ ወገን ክብ የሆነ አረንጓዴ ማገናኛ። ይህ ማገናኛ ስንቱን ሰው ከሱቅ ጠባቂ ጋር አጣልቷል! ለአንዷ ማውስ ይሠራል፣ ለሌላዋ አይሠራም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማገናኛው ሽቦ ያገናኛል እንጂ ቋንቋ አይተረጉምም። ማውሷ ራሷ ሁለቱን ቋንቋ የምትችል ከሆነች ትግባባለች፤ አንድ ቋንቋ ብቻ የምታውቅ ከሆነች ማገናኛው ጌጥ ነው።

ይህ ለደቡብ ቆላ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሞያሌን ያየ ሰው ይመሰክራል። ከተማዋ ለሁለት ተከፍላ እኩሌታዋ የእኛ፣ እኩሌታዋ የኬንያ ናት። በእኛ በኩል መኪና ቀኙን ይዞ ይነዳል፤ ድንበሩን ሲሻገር ግራውን ይይዛል። በእኛ በኩል የኤሌክትሪክ መሰኪያው ሁለት ክብ ጥርስ ነው፤ በወዲያ በኩል ሦስት ጠፍጣፋ። በእኛ በኩል ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የተባለው፣ በወዲያ በኩል በእንግሊዝኛ ሲነገር ፀሐይዋ ሳትነቃነቅ ስምንት ሰዓት ይባላል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ሰው ወይ ማገናኛ ይገዛል፣ ወይ ራሱ ማገናኛ ይሆናል። ከብት አሻሻጩ በኦሮምኛ ጀምሮ በሶማሊኛ ይቀጥልና ገንዘቡን በአማርኛ ወይም በስዋሂሊ ቆጥሮ ይረከባል። ከሞያሌ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለችው ነገሌ ቦረናም ጠባይዋ ይኸው ነው። ጉጂው፣ ቦረናው፣ አርሲው፣ ሶማሌው፣ ከደጋ የመጣው ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ገበያ ይውላሉ። የሚያውሏቸውም ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚችሉት ሰዎች ናቸው።

እኔ ነገሌን በቅጡ ያወቅኋት በ2009 ዓ.ም. ነው። የሂሳብ ሰው ነኝ። ለአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን መጥራት ለማያስፈልገኝ፣ የቅርንጫፉን መዝገብ እንዳይ ለሦስት ወር ከአዲስ አበባ ተልኬ ነበር። በሐዋሳ፣ በቦሬና በአዶላ አድርጎ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ነው። ደጋው እየራቀ፣ አፈሩ እየቀላ፣ ግራሩ እየበዛ ሲሄድ ደረስሁ። ዓመቱ ክፉ ዓመት ነበር። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ የመኸሩ ትንሽ ዝናብ ቀርቶ ድርቁ ጠንቶ ነበር። ከብቱ ቆዳው ከአጥንቱ ተጣብቆ፣ በመንገድ ዳር ቆሞ የሚወድቅበትን የሚመርጥ ይመስላል። መሥሪያ ቤቱ በመዝገብ ለያዛቸው ቤተሰቦች የሚከፈል ገንዘብ ነበረው። ገንዘቡ የሚከፈለው ደግሞ ስም ዝርዝሩ ከኮምፒዩተር ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት ሲወጣ ብቻ ነው።

በየካቲት ወር አንድ ሰኞ፣ በሁሉም ቅርንጫፎች ያሉ ኮምፒዩተሮች ሲስተማቸው ወደ አዲሱ እንዲያድግ ከበላይ በመጣ ትእዛዝ አንድ ባለሙያ መጣ። ጨዋና ፈጣን ልጅ ነበር። ሁለቱን ኮምፒዩተሮች እስከ ማታ አሳድጎ፣ አስፈርሞ፣ በማግስቱ ማለዳ በመኪናው ወደሚቀጥለው ከተማ ሄደ። እኛ ቢሮ ገብተን ኮምፒዩተሮቹን ስንከፍት አዲሱ ሥዕል አማረ፤ ቀለሙ ደመቀ፤ ቀስቷ ግን የለችም። ጸሐፊዋ ማውሷን ወደ ቀኝ ገፋች፣ ወደ ግራ ገፋች፣ አንሥታ አየቻት፣ በጨርቅ ጠረገቻት። ምንም የለም። ባለሙያው ዘንድ ስንደውል ስልኩ አይነሣም።

«ማውሱ ተበላሽቷል፤ አዲስ ይገዛ» አሉ ኃላፊው። ተገዛ። አልሠራም። «ይኼ የቻይና ርካሽ ነው፤ ደህናውን ግዙ» ተባለ። ደህናው ለመግዛት ደግሞ ሦስት ፕሮፎርማ ያስፈልግ ነበር። ያኔ በከተማው ማውስ ያገኘንባቸው ሱቆች ሁለት ብቻ ስለ ነበሩ ሦስተኛው ፕሮፎርማ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ከአዶላ እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቅን። ደህናውም ተገዛ። አልሠራም። ሦስተኛው፣ ገመድ አልባው ሳይቀር ተሞከረ። የሞቱ አይጦች በጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ተደረደሩ።

ደጅ ግን ሰው ነበረ። ከግራሩ ጥላ ሥር፣ የሚበዙት ሴቶች ሆነው፣ የመታወቂያ ካርዳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይጠብቃሉ። በአራተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ወደ በሩ ቀረቡ። ሁለት ቀን በእግር ተጉዘው የመጡ ናቸው። አማርኛ አይሰሙም፤ ዘበኛው ያስተረጉምላቸዋል። ኃላፊው «ማውሱ አልሠራ ብሎን ነው፤ ይታገሡን በልልኝ» አሉት። ዘበኛው ትንሽ አሰበ። ለማውስ በኦሮምኛ ሌላ ቃል አልመጣለትምና «ሀንቱታ ሥራ እንቢ ብላቸዋለች» ብሎ ነገራቸው። ሀንቱታ አይጥ ናት፤ የእውነቷ አይጥ። አሮጊቷ ዝም ብለው ቆዩና አንድ ነገር ተናገሩ። ዘበኛው ሳቅ እያፈነው ወደ እኛ ዞረ።

«ምን አሉ?» አሉት ኃላፊው።

«ጌታዬ፣ ‹በእኛም ቤት ሀንቱታ ሥራ ፈታለች፤ የምትበላው እህል የለማ› ነው የሚሉት» አለ።

እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ለማሳቅ የተናገሩትም አልመሰለኝም። ቤት ሁለት ላሞች ትተው መምጣታቸውንና ገንዘቡን ለድርቆሽ እንደሚፈልጉት ዘበኛው ጨምሮ ነገረን።

በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ መናኸሪያው ወረድሁ። እዚያ አጠገብ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ፣ ማመልከቻ የሚጽፍና በስልክ ላይ ዘፈን የሚጭን አንድ ጠባብ ሱቅ ነበረ። የምትሠራበት ልጅ ዕድሜዋ ከሃያ እምብዛም አይዘልም። ነገሩን ስነግራት እየጻፈች የነበረውን ማመልከቻ ሳታቋርጥ አዳመጠችኝ።

«ጋሼ፣ ስንት ማውስ ሞከራችሁ?»

«ከመጀመሪያዋ ጋር አራት።»

«አራቱም በአንድ ቀን አይሞቱም» አለች፤ «አምጧቸው እስቲ።»

አመጣንላት። በራሷ ላፕቶፕ ላይ አንድ በአንድ ሰካቻቸው። አራቱም እንደ ልብ ሮጡ። ሱቋን ለታናሽ ወንድሟ አደራ ብላ ወደ ቢሮ ተከተለችኝ። ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጣ በኪቦርዱ ላይ «አልት»ን፣ «ሺፍት»ንና «ነም ሎክ» የምትባለውን ቁልፍ ባንድነት ተጫነች፤ ቀጥላም «ኢንተር» መታች። የጠፋችው ቀስት ብቅ አለች! ከኪቦርዱ በስተቀኝ ያሉት ቁጥሮች ማውስ ሆኑ ማለት ነው፤ 8 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች፣ 4 ወደ ግራ፣ 6 ወደ ቀኝ ይወስዳል፤ 5 ደግሞ እንደ ማውስ ቁልፍ ይጫናል። እጃቸው ማውስ መጨበጥ ለማይችል ሰዎች ታስቦ የተሠራ፣ ብዙ ዓመት ያስቆጠረ ዘዴ ነው። ቀስቷ እንደ ኤሊ እየተጎተተች ሄደች። ጸሐፊዋ ዘዴውን እስክትለምድ፣ ዝርዝሩም ተመሳክሮ እስኪታተምና እስኪፈረም ቀናት ወሰደ። ሰኞ የተቋረጠው ክፍያ የተጀመረው በዘጠነኛው ቀን ነው።

ልጅቷ ግን በቀስቷ መመለስ ብቻ አልረካችም። ምክንያቱን ካላገኘሁ ብላ ማታ ሱቋን ዘግታ ተመለሰች። በሁለተኛው ማታ አገኘችው። ነገሩ እንዲህ ነው።

የቀድሞዎቹ ማውሶች ሲገዙ ከነሲዲያቸው ነበር የመጡት። በሲዲው ላይ የነበረው ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ውስጥ አንድ ተጨማሪ አስተርጓሚ አስቀምጧል። በሲስተሙ ውስጥ ትልቅ መዝገብ አለ፤ በመዝገቡም ላይ «ማንኛዋም ማውስ ከመናገሯ በፊት በዚህ አስተርጓሚ በኩል ትለፍ» የሚል መስመር ተጽፏል። አዲሱ ሲስተም ሲመጣ አሮጌውን አስተርጓሚ «አልስማማህም» ብሎ አሰናበተው፤ ፋይሉን አጠፋው። ስሙን ግን ከመዝገቡ ላይ መፋቅ ረሳ። እንግዲህ ማንኛዋም ማውስ፣ አዲስ ትሁን አሮጌ፣ ርካሽ ትሁን ውድ፣ ባለ ገመድ ትሁን ገመድ አልባ፣ በሩ ላይ ስትደርስ «አስተርጓሚው እስኪመጣ ጠብቂ» ትባላለች። አስተርጓሚው ደግሞ የለም። አይመጣምም። ኪቦርዱ የራሱ ሌላ መስመር ስላለው እሱን የሚያስቆመው አልነበረም። ልጅቷ በኪቦርድ ብቻ መዝገቡን ከፍታ፣ ያንን አንድ ስም ለይታ ሰረዘች፤ የዋናውን አስተርጓሚ ስም አልነካችም። ኮምፒዩተሩን አጥፍታ ስታበራው ከመሳቢያ የወጣችው የመጀመሪያዋ ማውስ ሠራች።

በዱብሉቅ የቦረናን የኤላ ጉድጓድ ያየ ሰው ይህ ነገር ወዲያው ይገባዋል። ሰዎቹ ከጥልቁ እስከ አፉ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ የውኃውን ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ያሳልፋሉ። ከመሃል አንዱ ቦታውን ትቶ ቢሄድና የቀሩት ግን እንዳለ ቢቆጥሩት፣ ታች ያለው ምን ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ላይ ያሉት ከብቶች ውኃ አያገኙም። ታች ያለውን ሰው ደጋግሞ መለወጥም አይረዳም። እኛ ዘጠኝ ቀን የሰነበትነው ታች ያለውን ሰው ስንለውጥ ነው።

የልጅቷ ዋጋ ነገር ሲነሣ ደግሞ ሌላ መዝገብ ተከፈተ። ደረሰኝ የላትም፤ በመሥሪያ ቤቱ የሂሳብ አርእስት ውስጥ «ስም መሰረዝ» የሚባል ወጪ የለም። የሦስቱ ማውሶች ዋጋ በደረሰኝ፣ ከነፕሮፎርማው፣ በሥርዓት ተወራረደ። ያልተበላሸ ዕቃ ለመተካት የወጣ ገንዘብ ነውና ወረቀቱ አንድም ጉድለት አልነበረበትም። የልጅቷን ግን ከኪሳችን አዋጥተን ሰጠናት። በሂሳብ ሙያዬ ብዙ ዓይነት ጉድለት አይቻለሁ፤ እንዲህ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ሳለ የጎደለ ሂሳብ ግን ጥቂት ነው ያየሁት።

አሮጊቷ ገንዘባቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ስለ ላሞቹ ዘበኛው ጠየቃቸው። አንድ ጣት አሳዩት።

የከተማዋን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እስካሁን አንድ ነገር ሳይታወሰው አልቀረም። ነገሌ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የገባችው በአንድ ዕቃ መበላሸት ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚያ የሠፈሩት ወታደሮች የውኃ ፓምፕ ተበላሸባቸው። የመኮንኖቹ ጉድጓድ ደህና ነበር፤ ከዚያ እንዲጠጡ ግን አልተፈቀደላቸውም። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ወታደሮቹ አደሙ። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው። አድማው ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ። በዚያው ዓመት የካቲት አብዮቱ ፈነዳ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ፓምፕ ከማውስ ጋር አይወዳደርም። ጥማትም ከመዘግየት ጋር እኩል አይደለም። መንግሥት የወደቀውም በፓምፕ ብቻ አይደለም፤ የመሬቱ፣ የረሀቡ፣ የደመወዙ ጥያቄ አስቀድሞ ተከምሯል። ነገር ግን በሁለቱ መካከል አንድ የሚመሳሰል ነገር አያለሁ። በሁለቱም ጊዜ የጎደለው ዕቃ ትንሽ ነው፤ መፍትሔውም ቅርብ ነው። አንዱ መፍትሔ አጥር ተሻግሮ ያለ ጉድጓድ፣ ሌላው መናኸሪያ አጠገብ ያለች ልጅ ናት። የራቀው ውሳኔው ነው። ላይ ያለው ሰው በወረቀት ላይ «ፓምፕ አለ»፣ «ሲስተሙ አድጓል» የሚል አንብቦ ይተኛል። ጄኔራሉ ያንን ውኃ ባይቀምሱ ኖሮ የወታደሩን ነገር በወረቀት ብቻ ያውቁት ነበር።

እኛ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎችም ከዚህ ዕዳ ነፃ አይደለንም። የፊደላችን የኮምፒዩተር ታሪክ ራሱ የአስተርጓሚ እጦት ታሪክ ነው። ብዙ ዓመት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል አቀማመጥ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጠብጣብ ትርምስ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ «ኒያላ» የተባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ መጣ። ትልቅ ነገር ነው። በአሮጌዎቹ ሶፍትዌሮች የተጻፈው ግን አብሮ አልተሻገረም። ዛሬም በየቢሮው መሳቢያ፣ በፍሎፒና በሲዲ ላይ፣ ፊደሉ ያለ፣ አንባቢው ግን የሌለ ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት ያልታተመ ልብ ወለድ ተቀምጧል! አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን የሚያሻግር አስተርጓሚ አልተቀጠረለትም።

አዲስ ነገር አይምጣ የምል ሰው አይደለሁም። የድሮ ማውስ ናፍቆትም የለብኝም። ኳሷን አውጥቼ የነገሌን ቀይ አፈር ከጎማዎቿ ላይ በጥፍር የፋቅሁበትን ጊዜ መልሱልኝ አልልም። ደግሞም የድሮው ሲስተም ዘላለም አይጠበቅም፤ በር እንደሌለው ቤት ሌባ ይገባበታል። የምለው ሌላ ነው። «አደገ» የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ የልጅ ቃል ነው። ልጅ ሲያድግ እናቱን አይረሳም፤ ቢረሳም «አደገ» አይባልም፤ «ባለገ» ይባላል። ሲስተምም አደገ የሚባለው ትናንት ያገለገሉትን ሲያውቃቸው ነው። ማወቅ ካልቻለ ደግሞ ቢያንስ በግልጽ ያሰናብታቸው፤ ስማቸውን በመዝገብ ላይ ትቶ ሌላውን በከንቱ አያስጠብቅ። በየመሥሪያ ቤቱ እንደዚያ ያሉ ስሞች ስንት አሉ? የለቀቀ ሠራተኛ ፊርማ የሚጠብቅ ደብዳቤ፣ የተዘጋ ክፍል ማኅተም የሚጠይቅ ቅጽ፣ የተሻረ መመሪያ የሚያስቆመው ባለ ጉዳይ ሁሉ ያቺ ማውስ ነው።

ይህ ነገር አልፎ የሄደ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ «ቲፒኤም 2.0» የተባለ የደህንነት መሣሪያና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ፣ ጤነኛ ሆነው ሳሉ በሩን የማያልፉ ኮምፒዩተሮች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር በአዲስ አበባ ቢወድቅ ጠጋኙ ከፎቁ ሥር ይገኛል። በፊልቱ፣ በያቤሎ፣ በሜጋ ቢወድቅ ግን ቀኑ ይቆጠራል፤ የሚቆጠረውም በሰው ቀን ነው።

ከዚህም በላይ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። አካሄዱ ይህ ከሆነ፣ ነገ ከነገ ወዲያ ማውስ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጥ የቆላ ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቱን በዚያች ቀስት ጫፍ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ቀስቷ እንቢ ያለችው ዕለት ልጁ ጥፋቱ የእጁ ይመስለዋል፤ ፈታኙም ማውሷን ያስለውጣል። እንግዲህ ሲስተም አሳድጉ ብለው የሚያዝዙ ሰዎች ከማዘዛቸው በፊት አንድ ነገር ቢጠይቁ እወዳለሁ፤ «ባለሙያው ከሄደ በኋላ በዚያ ከተማ ማን ይቀራል?» መልሱ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ልጅ ከሆነች፣ ስሟ አስቀድሞ በመዝገቡ ላይ ይግባ፤ የሂሳብ አርእስትም ይከፈትላት።